የዘርሁን ሹራብ

ልያ ኤርሲዶን እንቅልፍ የሚከዳት እንደ ሌላው ሰው በሌሊት አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ጎህ ሳይቀድ ስቱዲዮ ትገባለች፣ ለኢትዮጵያ አድማጮች የሚተላለፈውን ዜናና ትረካ አንብባ ትጨርሳለች፣ ከዚያ የሞስኮ ሰው ሁሉ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ሥራው ሲሮጥ እሷ በባዶ ትራም ወደ አልጋዋ ትመለሳለች። አልጋው አለ፣ ትራሱ አለ፣ መጋረጃውም ወፍራም ነው፤ የቀረው እንቅልፉ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓይኗን ጨፍና ከጅማ ተነሥታ በሰርቦ በኩል እስከ ሰኮሩ ያለውን መንገድ በሐሳቧ ትሄደዋለች፣ ቡና የጫኑት መኪናዎች ዳገቱን እያቃሰቱ ሲወጡ ትሰማለች፣ አንዳንዴም ሰኮሩ ሳትደርስ እንቅልፍ ይጥላታል። ዛሬ ግን ዓይኗን መጨፈን አልቻለችም። ወንበሩ ላይ ያ ሹራብ አለ። ሁለት እጅጌውን ጭኑ ላይ አጣጥፎ እንደ ጨዋ እንግዳ ተቀምጧል። አረንጓዴ ነው፣ ትከሻው ላይ ሁለት ቁልፍ አለው፣ የዓመት ልጅ ቢለብሰው ልክ ይሆነዋል። ችግሩ ልያ ልጅ የላትም። ወልዳም አታውቅም። ባል የላት፣ እጮኛ የላት፣ ድመት እንኳ የላትም፣ የሕንፃው ተቆጣጣሪ አይፈቅዱም።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ቤት ትሄዳለች። ጥሪው ተይዟል፣ እናቷም ጅማ ቴሌ ሄዳ እንድትጠብቅ ተነግሯታል። እናቷ ተስፋነሽ ስልኩን አንሥታ መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ልጁ ነው፣ ይህን ልያ እንደ ስሟ ታውቀዋለች። ታዲያ ምን ትመልስ? ልጅ የለም ብትል እናቷን ካገኘችው የልጅ ልጅ ጋር በአንድ ቃል ታለያያታለች። ደህና ነው፣ ልኩ ሆኖታል ብትል ደግሞ ነገም ከነገ ወዲያም ያልተወለደ ልጅ ስታሳድግ ልትኖር ነው፣ ጥርስ ልታበቅልለት፣ ትምህርት ቤት ልታስገባው። ልያ ተገላበጠች። ሹራቡ ከዚያም በኩል ይታያል።

ያመጣው ቱሉ ነው። ቱሉ የሰርቦ ልጅ ነው፣ ጅማ እርሻ ኮሌጅ ሲማር ቦሳ ኪቶ ሰፈር ከእናቷ ቤት አጥር ለአጥር ተከራይቶ ይኖር ነበር፣ አሁን ለተጨማሪ ትምህርት መጥቷል፣ መንግሥት የሰጠው ካፖርት ጉልበቱ ላይ ያበቃል። ባለፈው እሑድ በሯን አንኳኩቶ ገባና፣ በሶውን አውጥቶ፣ ሹራቡን አውጥቶ፣ ከዚያ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ እንደ ተማሪ ቆመ። «እማማ ተስፋነሽ በቃል የላኩት አለ፣ እትዬ ልያ። እንዳልረሳው ደጋግመው አስብለውኛል።» በል ንገረኛ አለችው እየሳቀች። ቱሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «አልተቆጣሁም ብለዋል። ሰው ይራባል፣ ሰው ይጨንቀዋል፤ እዚህም አይተነዋል። ልጁን ከተውሽበት ሂጂና አንሺው። ማሳደግ ካቃተሽ ለኔ ላኪልኝ፣ የወንድምሽ የሆሴዕ አልጋ ባዶ ነው። ስም ካላወጣሽለት ዘርሁን በዪው። ይኼው ነው፣ አሚን።» ልያ የያዘችው ብርጭቆ እጇ ላይ ቀረ። «የምን ልጅ ነው የምታወራው?» ስትለው ያ ረጅም ልጅ ወለሉን ማየት ጀመረ። «ሂን ቤኩ፣ እኔ አላውቅም፣ እኔ ምንም አልጠየቅኩም። ብቻ በሬዲዮ ራሷ ተናግራለች፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ ነው ያሉት።»

ብርጭቆው እጇ ላይ እንደቀረ ይመስላታል፣ አሁንም፣ አልጋ ላይ ተኝታ። በሬዲዮ ራሷ ተናግራለች። የቦሳ ኪቶው ሬዲዮ የሸምሰዲን ነው፣ ጨውና ላምባ ከሚሸጥበት ሱቅ መደርደሪያ ላይ ከሳሙናው ጎን ይቀመጣል፣ ሌላ የውጭ ጣቢያ ቢሆን ጓዳ ወስዶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚሰማው፣ የሞስኮ ሬዲዮ ግን የወዳጅ አገር ስለሆነ እስከ መንገድ ድረስ ይለቀዋል፣ የቀበሌው ሊቀመንበር እንኳ ሲያልፍ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ጣቢያው ሲያንሾካሹክ ሸምሰዲን ደጅ ወጥቶ ይጣራል። «ያ ተስፋነሽ፣ ኮቱ! ነይ እንጂ፣ ልጅሽ ልታወራ ነው ወላሂ!» ተስፋነሽም ከቡና መጋዘኑ እንደተመለሰች፣ ገለባ የተጣበቀበትን ነጠላዋን ሳታራግፍ፣ ጨው የተሞላ ጆንያ ላይ ትቀመጣለች። ልያ ይህን አላየችውም፣ የነገራት ቱሉ ነው፣ ግን ሲነግራት ሽታው መጣባት፣ ላምባና ሳሙና። እናቷ ሬዲዮኑን ፊት ለፊት አታየውም። ጎን ሰጥታው ነው የምትቀመጠው፣ ጆሮዋን ወደ እሱ አድርጋ፣ እጆቿ ባዶ ሰፌድ እንደያዙ ሁሉ እየተንቀሳቀሱ።

ሰፌድ። ልያ ያደገችው ከዚያ ሰፌድ ሥር ነው ማለት ይቻላል። አባቷ ኤርሲዶ ከደቡብ እናቷን ይዞ ለቡና ለቀማ መጣ፣ ለአንድ ወቅት ነው ብለው መጡና ቀሩ፣ እሱም ቀደም ብሎ ሞተ፣ ተስፋነሽም መጋዘን ገባች። ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠው ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ይለያሉ፣ ጣታቸው ብቻ ነው የሚሠራው፣ አፋቸውና ጆሯቸው ነፃ ነው፣ ስለዚህ ልያ ከትምህርት ቤት ስትመጣ የንባብ መጽሐፏን አውጥታ ታነብላቸዋለች። በሐሳቧ አሁን እያነበበች ነው። ጆንያ ተደግፋ፣ እግሯን ዘርግታ። አንድ ልጅ ጫካ ገባ፣ መንገድ ጠፋበት፣ መሸበት። ከረድፉ መሀል የእናቷ ድምፅ ይመጣል። «ቆይ፣ ልጁ ምሳውን በልቷል?» ሴቶቹ ይስቃሉ። አልተጻፈም እማዬ። «እንዴት አይጻፍም? ሳይበላ ነው ጫካ የላኩት?» ልያ ቀና ብላ ታያታለች፣ እየቀለደች አይደለም። ሌላ ቀን ንጉሥ ልጁን አባረረ። «ምን ለብሶ ወጣ?» ሌላ ቀን ወላጅ አልባ የሆነች ልጅ ከአክስቷ ቤት ጠፋች። «ደረሰች ወይስ አልደረሰችም?» መጽሐፉ አለቀ እኮ። «መጽሐፉ ይለቅ። ልጅቱን ነው የምጠይቅሽ።» እንዲህ እያለች እያንዳንዱን የመጽሐፍ ልጅ ሳታበላና ሳታስተኛ አትለቀውም ነበር፣ ልያም ኋላ ኋላ እናቷን ዝም ለማሰኘት ከራሷ መጨመር ጀመረች፦ በልቶ ነበር፣ ቆጮ በጎመን። ያን ጊዜ የተስፋነሽ ጣቶች ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ዛሬ ልያ የምታነባቸው መጻሕፍት ውስጥ እናት ሞልቷል። የክፍሉ ኃላፊ የእናት ታሪክ ሲያገኝ ደስታውን አይችለውም፣ እናት ማለት አገር ናት ይላል፣ መስኮት ሥር ቆማ ልጇን ወደ ግንባር የምትሸኝ፣ ፎቶግራፍ ይዛ የምታረጅ፣ እንባዋን በሻርፕዋ ጫፍ የምትጠርግ። አንዳንዷ ገና ታሪኩ ሳይሞቅ ትሞታለች፣ ልጁ ልቡ ጠንክሮ ወደ ዓለም እንዲወጣ ነው። ስም ያላቸው ጥቂት ናቸው። ልያ ይህን ሁሉ ወደ አማርኛ መልሳለች፣ በሚያምር ድምፅ አንብባለች፣ አድማጮችም ጽፈውላታል፣ ሆኖም ከነዚያ ሁሉ እናቶች አንዷ እንኳ ጨው ጆንያ ላይ ተቀምጣ የሰው ልጅ በላ ወይ ብላ የምትጨቃጨቅ አይደለችም። አንዳንዴ ስቱዲዮ ውስጥ እነሱን ስታነብ ታፍራለች፣ ለምን እንደሆነ ግን አታውቀውም። ቤተሰብሽን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አነጋገርሽ ብሎ የጠየቃት የለም፣ እሷ ግን መልሱን ታውቀዋለች፣ ረጅም ጊዜ ነው። ስልኩ ውድ ነው ትላለች። መስመሩ አይሠራም ትላለች። እውነቱ ደግሞ እናቷ ጸሎት ቤት ትሄጃለሽ ወይ ብላ እንዳትጠይቃት ነው፣ ወደዚህ አገር ስትመጣ በጻፈችው የሕይወት ታሪክ ላይ ሃይማኖት የለኝም ብላለች፣ እናቷ ግን ያን ጊዜ ጸሎት ቤቱ ስለታሸገ መስኮቷን በብርድ ልብስ ጋርዳ እቤቷ ሰው ታሰባስብ ነበር።

ብርድ ልብሱ ቡናማ ነው። አንድ አንድ እያሉ ይገባሉ፣ አንዱ ቅል ይዞ፣ አንዱ ዶሮ አቅፎ፣ ለጸሎት የመጣ እንዳይመስል። መዝሙሩን በከንፈራቸው ብቻ ይዘምሩታል፣ ድምፅ የለውም፣ ልያና ሆሴዕ አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሰው ሁሉ አፍ ሲንቀሳቀስ ያያሉ፣ ሆሴዕ በክርኑ ይጎሽማታል፣ ሳቋን ለማፈን ጉንጯን ትነክሳለች። ከመዝሙሩ በኋላ ምስክርነት ነው። አንዱ ተነሥቶ እኔ ይላል፣ እኔ እንዲህ ነበርኩ፣ እንዲህ ሆንኩ፣ ሌሎቹ በሹክሹክታ አሜን ይላሉ። እኔ ብሎ የተነሣ ሰው የተናገረው በእርግጥ የደረሰበት ነው፣ ይህ የማይነካ ሕግ ነበር። አንድ ቀን ወርቅአገኘሁ የሚባል ወጣት ተነሥቶ እኔ ታምሜ አልጋ ይዤ ሳለሁ ብሎ ጀመረ፣ ሲናገርም ያስለቅሳል፣ ግማሹ ቤት ማልቀስ ጀምሮ ነበር። ተስፋነሽ ከምድጃው አጠገብ ተነሥታ ቆመች። «ተቀመጥ፣ የኔ ልጅ» አለችው ረጋ ብላ። «ይኼ የአጎትህ ነው። ደርሶበታል፣ ዱጋ፣ እውነት ነው። ግን በሰው ነገር ላይ እኔ አትበል።» ወርቅአገኘሁ ጆሮው ቀልቶ ተቀመጠ፣ እስከ ሰኔ ድረስም አልመጣም።

እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት ናት፣ በገዛ ልጇ ድምፅ፣ ከሸምሰዲን ሳሙና ጎን፣ እኔ ልጄን ደጅ ላይ ትቼው ሄድኩ የሚል የሰማችው። የትረካው ደራሲ ስም መጀመሪያ ላይ ተነግሯል፣ ልያ ራሷ ናት ያነበበችው፣ ተስፋነሽ ግን የመጣችው ከመጋዘን ዘግይታ ነው፤ ቀድማ ብትመጣስ ምን ለውጥ ነበረው? እኔ ያለችው ልያ ናት። በረዶ ነበር አለች፣ እዚያ አገር በረዶ አለ። ርቦኝ ነበር አለች፣ ጡቴ ደርቆ ነበር አለች፣ ረሃብ ደግሞ ያን ሰሞን የትም ነበር። ሕፃኑን ጠቅልዬ የሕፃናት ማሳደጊያው ደረጃ ላይ አስቀመጥኩት፣ ደወሉን ደወልኩ፣ ሮጥኩ። ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ተመለስኩ፣ የሕፃኑ ቆብ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ክፍት ነበርና አዞርኩለት፣ ከዚያ ሄድኩ። ታሪኩ እዚያው ላይ ያልቃል። ልያ ስታነበው ድምፅዋ ተሰንጥቆ ነበር፣ የድምፅ ቴክኒሻኑ ከመስታወቱ ኋላ አውራ ጣቱን አነሣላት፣ ግሩም ነው ማለቱ ነው።

ይህ ሁሉ እንኳ ይሁን፣ ሰው ይሳሳታል፣ ይታረማል፣ ልያ ስልኩን አንሥታ እማዬ ትረካ እኮ ነው ብትል ነገሩ በሳቅ ባለቀ ነበር። አረንጓዴው ክር ባይኖር። ያን አረንጓዴ ታውቀዋለች። ልጅ ሳለች ሁለት እጇን ዘርግታ፣ እናቷ ክሩን ከእጆቿ ላይ እየጎተተች ስትጠቀልል፣ ክንዷ ዝሎ ሲወድቅ፣ ቀና በዪ ልዬ፣ ትንሽ ነው የቀረው፣ ለወንድምሽ ነው፣ ስትላት። ሹራብ መሥራት ተስፋነሽ ሚሲዮን ቤት ስትላላክ የቀሰመችው ነው። ሆሴዕ ያን ሹራብ ለብሶ ሁለተኛ ደረጃ ገባ፣ ክርኑ ተቀደደ፣ ተጠገነ። በቀይ ሽብር ጊዜ ሊወስዱት የመጡ ዕለት ጥዋቱ ሞቃት ነበር፣ ሹራቡ ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ሄደ። አልተመለሰም። የት እንዳለም የነገራቸው የለም። ጎረቤት ሊያስተዛዝን ሲመጣ ተስፋነሽ በሩ ላይ ቆማ መለሰቻቸው፣ ልጄ አልሞተም፣ ሳይሞት አታልቅሱብኝ ብላ። ሹራቡን ከሚስማሩ ላይ ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም፣ ለሰው ስጪው ያላትን ሴት ተቀየመቻት፣ በዓመት በዓመት ፀሐይ ታስመታውና መልሳ ትሰቅለዋለች፣ ሲመጣ ይበርደዋል ትላለች። ልያ አገሯን ስትለቅ ሹራቡ እዚያው ነበር። አሁን እዚህ ነው፣ ወንበሯ ላይ፣ ትንሽ ሆኖ። ተስፋነሽ ከሚስማሩ አውርዳ ተርትራዋለች። ከአንገቱ ጀምራ፣ ወይም ከታች ጀምራ፣ ማታ ማታ፣ ብቻዋን፣ ክሩን የሚይዝላት እጅ እንኳ ሳይኖር፣ ምናልባት በወንበር እግር ላይ እየጠመጠመች። ለማን? ልያ ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀበረች።

እንቅልፍ ሳይሆን የእንቅልፍ ዘመድ መጥቶ ወሰዳት። ሰርቦ ናት፣ ቡናው ቀልቷል፣ ጭጋጉ ከጫካው ሥር ገና አልተነሣም፣ ከዛፎቹ መሀል አረንጓዴ ነገር ሄድ መለስ ይላል። ዘርሁን ይባላል። ገና መራመዱ ነው፣ እየወደቀ ይነሣል፣ የወደቀ የቡና ፍሬ እያነሣ ወደ አፉ ይልካል፣ ልያ ትፋው እያለች ትሮጣለች፣ እግሯ ግን አይነሣም። ሆሴዕ ትራሙን እየነዳ በጫካው መሀል መጣ። ብርድ የለውም ልጁ፣ ተይው፣ አላት፣ እኔም ሞቆኛል። ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠው ሰፌዳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከሰፌዱ ላይ የሚለቅሙት ቃላት ናቸው፣ ደህናው ወደዚህ፣ የተሰበረው ወደዚያ። እናቷ ቀና ብላ፣ ልጁ በልቷል ወይ ልዬ፣ አለቻት። በልቷል እማዬ። ምን በላ? አፏን ስትከፍት ነቃች። በልቷል ማለት እንዴት ቀላል ነው፣ አስባ ሳትጨርስ ነው ከአፏ የወጣው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትለው የኖረችው ነገር ነው። እንግዲያው እሱን እላታለሁ አለች ጫማዋን እያሰረች። ልኩ ሆኖታል እላታለሁ። ትንሽ ሰፍቶታል፣ ያድግበታል።

ስልክ ቤቱ አዳራሽ ነው፣ ሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የአገሩ ስም እስኪጠራ ይጠብቃል። ኢትዮጵያ ሲባል ልያ ወደተነገራት ሳጥን ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ እጀታው ላይ የሌላ ሰው ሙቀት አለ። መስመሩ በጅማ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይንሿሿል።

«ሃሎ! ልዬ?»

«እማዬ! ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጮክ በዪ። ሸምሰዲን አብሮኝ መጥቷል፣ ሰላም በዪልኝ ይላል። ልኩ ሆነው?»

ልያ ያዘጋጀችው መልስ አፏ ላይ ነበር። ሆኖታል የሚል አንድ ቃል። ግን ያ ድምፅ፣ ልኩ ሆነው ሲል፣ ደስ ብሎት ነበር፤ ሆሴዕ ከተወሰደ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አልሰማችውም፣ እሱን ሰምታ መዋሸት አቃታት።

«እማዬ… ልጅ የለም።»

መስመሩ ተንሿሿ። «ሞተ?»

«አልሞተም! እማዬ፣ አልሞተም፣ ድሮም አልነበረም። አልወለድኩም። ትረካ ነው፣ ሌላ ሴት የጻፈችው። እኔ ያነበብኩት ብቻ ነው።»

ከጀርባ የሸምሰዲን ድምፅ ማል ጄቲ፣ ምን አለች፣ ሲል ይሰማል፣ እናቷ ቆይ ስትለውም። ከዚያ በቀስታ፣ «አንቺ እኔ ብለሻል» አለች።

«ሥራዬ ነው እማዬ። እንደዚያ ነው የሚነበበው። ይቅር በዪኝ። ሹራቡን… የሆሴዕን…» ልያ ግንባሯን የሳጥኑ መስታወት ላይ አሳረፈች።

«ተርትሬዋለሁ» አለች ተስፋነሽ። «ስተረትረው አልቅሼ ጨርሻለሁ። እንግዲህ መልሼ የሆሴዕ አላደርገውም። አንቺ አታልቅሺ።» ከዚያ ደግሞ፣ «ያቺ የጻፈችውስ? በሕይወት አለች?»

«አለች። አሮጊት ናት። እዚሁ ከተማ ውስጥ ናት።»

«ልጁን ተመልሳ አነሣችው?»

«እማዬ፣ ፈጠራ ነው እያልኩሽ። ራሷ ነግራኛለች። ልብ ወለድ ነው፣ በረዶው እንኳ የኔ ፈጠራ ነው ብላኛለች።»

«ዋሽታሻለች።» ድምፅዋ የመጋዘኑ ድምፅ ሆነ፣ ጥቁሩን ፍሬ ስታገኝ የሚወጣው። «ቆቡን ያዞረችለትን አላነበብሽም? ሸሽታ ከሄደች በኋላ ለእሱ ብላ የተመለሰችውን? ያን ቁጭ ብሎ የሚፈጥር ሰው የለም። እኔ ስንት ምስክርነት ሰምቻለሁ ልዬ። ያንቺ ካልሆነ የሷ ነው።»

ልያ ግንባሯን ከመስታወቱ ላይ አነሣች።

«ስጫት።»

«ምኑን?»

«ሹራቡን ነዋ። እኔ ለዚያ ልጅ ነው የሠራሁት። ስሙንም ንገሪያት፣ በትረካው ስም አልነበረውም።» የስልክ ቤቱ ሴት በሩሲያኛ ሰዓቱ አልቋል አለች። «ልዬ? አለሽ? አንቺስ በልተሻል?»

መስመሩ ተዘጋ። በልቻለሁ አለች ልያ ለባዶው ስልክ፣ አልበላችም። ቤቷ ተመልሳ ሹራቡን ከወንበሩ ላይ ስታነሣው እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ከብብቱ ሥር ይዛ ነው ያነሣችው፣ ይህን ያወቀችው ኋላ ነው። በትራም መስኮት ሞስኮ ታልፋለች፣ ሰኔ ነው፣ ፀሐይዋ መግቢያዋን የረሳች ይመስላል፣ ልያ ሹራቡን በጋዜጣ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛለች፣ እያሰበችም ነው፤ ደራሲዋ ትስቅብኛለች፣ እነዚህ አፍሪካውያን ትላለች፣ ለሬዲዮው ኃላፊ ደውላ ልጅቱ ጤና የላትም ትላለች፣ ልመለስ። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወርጄ ልመለስ። ፌርማታው መጣ፣ አልወረደችም። እናቷ ምስክርነት ነው ካለች፣ ቢያንስ ሰሚው ሊገኝ ይገባል፣ አሜን የሚል።

ደራሲዋ ዚናይዳ ማትቬየቭና ወሬ የምትወድ ሴት ናት። ልያ ትርጉሙን ይዛ ስትመጣ ሻይና ማርማላታ አቅርባ፣ ስለ ጎረቤቷ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ድንች ዋጋ ሳትጨርስ አትለቃትም፣ ስለ ታሪኩ ሲነሣ ግን ነገር ትቀይራለች፤ ሕፃኑ ስሙ ማን ነው ብላ ልያ የጠየቀቻት ጊዜ፣ ስም አያስፈልገውም ብላ ማንቆርቆሪያውን ልትሞላ ተነሥታ ነበር። አሁንም በሩን ከፍታ ገና ሳታስገባት ጀምራለች። «ደግሞ ያለ ቀጠሮ! ጫማሽን እዚያ፣ ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት። ምን አገኘሽ፣ ሌላ ታሪክ ፈልገሽ ነው?»

«እናቴ የላከችው ዕቃ አለ፣ ዚናይዳ ማትቬየቭና። ለእርስዎ አይደለም፣ ለልጁ ነው።»

«ለየትኛው ልጅ?»

«ደረጃው ላይ ላለው። እናቴ ሬዲዮ ላይ ሰምታ… ይበርደዋል ብላ ነው። የሞተ ወንድሜ ሹራብ ነበር፣ እሱን ተርትራ ነው የሠራችው። ስም ስለሌለው ዘርሁን ብላዋለች።» የሞተ ወንድሜ ስትል የራሷን ድምፅ ሰማችው። እስከ ዛሬ ብላው አታውቅም።

አሮጊቷ አልሳቀችም። ጋዜጣውን ፈታች፣ ሹራቡን ኮሪደሩ ላይ ባለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው፣ የትከሻውን ቁልፎች ከፈተች፣ መልሳ ዘጋቻቸው። ዘር-ሁን አለች በተጣመመ አነጋገር፣ ለራሷ። ከዚያ አንደኛውን እጅጌ ይዛ በስንዝሯ ለካችው፣ ከትከሻው ጀምራ እስከ ጫፉ፣ ጫፉ ላይ ስትደርስ ግን እጇ አልቆመም፣ ከክሩ አልፎ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ሄደና እዚያ ቀረ።

«እጅጌው ያጥረዋል» አለች። «እጆቹ ረጃጅም ነበሩ።»